«ለማንኛውም ጥይት ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን አረር መንቀያ ከመግዛታችሁ በፊት

በአሜሪካ የምትኖሩና ለአደን ወይም ለዒላማ ተኩስ የሚሆናችሁን ጥይት በቤታችሁ የምትሞሉ ወገኖች፣ በቅርቡ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ የገዛሁት አረር መንቀያ (የተሞላ ጥይት ለመፍታት አረሩን ከቀለሁ የሚያወጣ መሣሪያ) በማስታወቂያው ላይ ከተገለጸው ጋር ፈጽሞ ስላልተገናኘ፣ ተመሳሳይ ዕቃ የምትፈልጉ ሁሉ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ማስታወቂያው ያው ሥዕል ይዞ በተለያየ የሱቅ ስም ስለሚወጣ ስሙን ማወቅ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ማስታወቂያው ዕቃው ለማንኛውም ካሊበር (የጥይት መጠን) እንደሚሆንና ከሦስት ኮሌት (ጨብጦ የሚይዝ ቀለበት) ጋር እንደሚላክ ይናገራል። በሥዕሉ ላይ የሚታየው በፕሬስ (በጥይት መሙያ ማሽን) ላይ የሚታሰረው ዓይነት ነው። በሳጥኑ ውስጥ የመጣው ግን የፕላስቲክ ራስ ያለው መዶሻ ሲሆን፣ ሦስቱ ኮሌቶችም ጥይቱን በመዶሻው ውስጥ የሚይዙ ናቸው። ቅሬታ ባቀረብኩ ጊዜ ሻጩ ኮሌቶቹ በቁጥር ተሟልተው ስለተላኩ ገንዘብ እንደማይመልስ፣ ዕቃውን መመለስ ብፈልግም የመላኪያውን ወጪ እኔው እንደምሸፍን ገለጸልኝ።

እዚህ ላይ የሁለቱን መሣሪያዎች ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሻጩ የሚያተርፈው ይህን በማያውቅ ገዢ ላይ ነውና። በመዶሻው ዓይነት ኮሌቱ የሚይዘው የቀለሁን የግርጌ ከንፈር ነው። መዶሻው ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም ቀለሁ አብሮ ይቆማል፣ አረሩ ግን ጉዞውን ስለሚቀጥል ከቀለሁ አፍ ወጥቶ ከባሩዱ ጋር በመዶሻው ራስ ውስጥ ይቀራል። በፕሬስ ላይ በሚታሰረው ዓይነት ደግሞ ኮሌቱ የሚይዘው ራሱን አረሩን ነው፤ አረሩ ከላይ ተጨብጦ ሳለ ቀለሁ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ኮሌት የሚመረጠው በቀለሁ ግርጌ ስፋት፣ ሁለተኛው በአረሩ ውፍረት ነው። 308 ዊንቸስተርና 30-06 የተባሉት የጠመንጃ ጥይቶች ቀለህ ግርጌ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የ300 ዊንቸስተር ማግነም 13.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የሦስቱም አረር ውፍረት ግን አንድ ዓይነት፣ 7.82 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በፕሬሱ ዓይነት አንድ ኮሌት ለሦስቱም ይበቃል። ለ223 ሬሚንግተን ግን አረሩ 5.69 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ሌላ ኮሌት መግዛት ግድ ነው። ስለዚህ የፕሬሱ ዓይነት በሦስት ኮሌት ለማንኛውም ካሊበር ይሆናል የሚል ሻጭ ሊሆን የማይችል ነገር እየሸጠ ነው። በታወቁ አምራቾች ዘንድ ኮሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው አካል ተለይቶ ስለሚሸጥ፣ ዋጋ ስታወዳድሩ ሁለቱን ደምሩ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ገንዘብ ነው። ይህን እንድጽፍ ይበልጥ ያስገደደኝ ግን ማስታወቂያው 22 ሎንግ ራይፍልን ከሚስማሙት ጥይቶች ጋር መዘርዘሩ ነው። በዚህ ጥይት ላይ እሳት የሚሰጠው ቅመም የሚገኘው በቀለሁ የግርጌ ከንፈር ውስጥ ነው፤ የመዶሻው ኮሌት የሚጨብጠውም ይህንኑ ከንፈር ነው። የምቱ ኃይል ከንፈሩ ላይ ሲያርፍ ጥይቱ በእጃችሁ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥይት በመዶሻ መንቀያ መፍታት የተከለከለ መሆኑን ታማኝ አምራች ሁሉ በመመሪያው ይጽፋል። ለእኔ የተላከው ሳጥን ግን መመሪያ የሚባል ወረቀት አልነበረውም።

በዚያ ላይ ከኮሌቶቹ አንዱ ቀለሁን አጥብቆ እንደማይዝ ስነግረው፣ ሻጩ የፕሬሱን የብረት ቀለህ መያዣ በቦታው እንዳስገባ መከረኝ። ይህን ምክር ከማንም ብትሰሙ አትቀበሉ፤ መዶሻው አብሮት ለመጣው ኮሌት ብቻ የተሠራ ነው። የማይዝ ኮሌት ያለው መዶሻ ይመለሳል እንጂ አይጠገንም።

መዶሻ በመግዛታችሁ ግን የሚቆጫችሁ አይምሰላችሁ። ባሩዱን ማስገባቱን የተጠራጠረ ወይም አረሩን አለልክ ያጠለቀ ሰው ጥቂት ጥይት ለመፍታት መዶሻው ይበቃዋል፤ ከታወቀ አምራች ሲገዛም ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። አረሩ ቀላል ሲሆን፣ ለምሳሌ 55 ግሬይን ማለትም 3.6 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ደጋግሞ መምታት ያስፈልጋል። አረሩ በማሸጊያ ቅባት የተያዘ የወታደር ጥይት ደግሞ ክንድ ያደክማል። ብዙ ጥይት የሚፈታ ሰው የፕሬሱን ዓይነት ቢመርጥ ያዋጣዋል፤ ሆኖም ኮሌቱ የሚጨብጠው አካል ስለሚያንሰው ለአጭር የሽጉጥ አረር አይመችም፣ ለስላሳውን የእርሳስ አረር ደግሞ ይጨፈልቀዋል። በሁለቱም ብትሠሩ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ ዓይነቱን በእርግጠኝነት የማታውቁትን ባሩድም መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

ማስታወቂያው አሁንም አልወረደም። የአምራች ስም የለውም፤ በዝርዝሩ ውስጥ 22 ሎንግ ራይፍልን ያካትታል፤ የኮሌቶቹን መጠንም በሚሊ ሜትርም ሆነ በኢንች አይገልጽም። የትኛው ኮሌት ለየትኛው ጥይት እንደሚሆን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት፤ በካርድ የከፈላችሁ እንደሆነ ለባንካችሁ የምታቀርቡት ማስረጃ እርሱ ነው።