ከአቡጃ ለገና ገብቼ፦ ትኩሳት ይዞኝ ያየኋቸው ሁለት ሕክምና ቤቶች

ኑሮዬ አቡጃ ነው። ዘንድሮ ለገና አገር ቤት ገባሁ። በረራው ጥሩ ነበር። ቦሌ ሚካኤል ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያም ንጹሕ ነው፤ ሙቅ ውሃ አልተቋረጠም፣ ቁርሱ ጨጨብሳ ነው። ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሕክምናው ነው።

በገባሁ በስድስተኛው ቀን አተኮሰኝ። ራስ ምታትና ቁርጥማት ተከተለ። እህቴ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ካርድ አወጣን። አንዲት ልጅ ያለ ጓንት ደም ቀዳችልኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተባልኩ፤ መርፌና ኪኒን ታዘዘልኝ። ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ምክንያቱም ናይጄሪያ ውስጥ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ላሳ ትኩሳት የሚበረታበት ወቅት ነው። ስሙን ያገኘው በ1969 እ.ኤ.አ. ከታወቀባት ከላሳ ከተማ ነው። ቫይረሱን የምትሸከመው ቤት ውስጥ የምትገባ አይጥ ናት። ሽንቷ ወይም ኩሷ የነካው ምግብና ዕቃ ያስይዛል። ከሰው ወደ ሰው ደግሞ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል። ከአሥር ሰው ስምንቱን ብዙም አያሳምም፤ ሲጠና ግን ይገድላል፣ የዳነውንም ጆሮ ሊያደነቁር ይችላል። ፈቃድ ያገኘ ክትባት የለውም። አጀማመሩ ወባ ይመስላል። ያቺ ደም የቀዳችልኝ ልጅ ምን ልትሆን ትችል እንደነበር አስቡት።

ማታ ትኩሳቱ ሲብስብኝ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄድን። በር ላይ ያለችው ነርስ ገና ሳልቀመጥ «ባለፉት ሦስት ሳምንታት ከአገር ውጭ ነበሩ?» አለችኝ። ናይጄሪያ ስላት ማስክ ሰጠችኝ፣ ጓንቷን አድርጋ ለብቻዬ ክፍል አስገባችኝ። አልደነገጠችም፣ እኔንም አላስደነገጠችኝም። ዶክተሩ ቤቴ አይጥ ይገባ እንደሆነ፣ የታመመ ሰው አስታምሜ እንደሆነ ሳይቸኩል ጠየቀኝ። ደሜ ላይ ወባ ተገኘ። ወባና ላሳ አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ ግን በዚያ አላበቃም፤ ከአቡጃ ከወጣሁ 21 ቀን እስኪሞላ ጠዋትና ማታ ሙቀቴን እየለካሁ እንድደውል አዘዘኝ። ሂሳቡ ከክሊኒኩ በጣም ይበልጣል። አልቆጨኝም።

ላሳ ትኩሳት ካለባቸው አገሮች፣ ከናይጄሪያ፣ ከላይቤሪያ፣ ከሴራሊዮን ወይም ከጊኒ ለምትመጡ፦ ባተኮሳችሁ ጊዜ ካርድ ስታወጡ ከየት እንደመጣችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ጠያቂ አትጠብቁ። 8335 የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር ነው። እዚያ ስትኖሩ ደግሞ እህልና ጋሪ፣ ማለትም የካሳቫውን ዱቄት፣ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ አስቀምጡ።

ሲሻለኝ ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ተመልሼ ልጅቷን አገኘኋት፤ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ጓንት እኮ አልቆብን ነበር» አለችኝ።