የነፍሳት ማጥኛ ቦርሳ፦ ዕቃው ግሩም፣ ካርዱ ግን ይታረም

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎች ነፍሳትንና ሸረሪቶችን ከክፍል ውጭ እንዲያጠኑ ተብሎ የተዘጋጀውን ይህን ቦርሳ ወሰነ ትምህርቱን ሙሉ ተጠቅመንበታል።

ለእኔ የቦርሳው ዋና ዋጋ ክዳናቸው አጉሊ መነጽር የሆነው ግልጽ ማስቀመጫዎች ናቸው። አንዲት ተማሪ ከድንጋይ ሥር ድር ሳትሠራ እየሮጠች የምታድን ሸረሪት አገኘች። ከሆዷ ጫፍ ነጭ ድቡልቡል ነገር ተጣብቋል። ከጓደኞቿ አንዱ «ቆሻሻ ነው» አለ። በክዳኑ ሲያዩት ግን ሸረሪቷ በራሷ ሐር የሸመነችው የእንቁላል ከረጢት ነበር። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ጀርባዋ ላይ ወጥተው እንደምታዝላቸው ስነግራቸው፣ «ቶሎ ወደ ቦታዋ እንመልሳት» ያለችው ያገኘቻት ልጅ ራሷ ናት። በሰሌዳ ላይ ሥዕል ይህን ያህል አስተምሬ አላውቅም።

ነጩ ጨርቅም ይመሰገናል። ቁጥቋጦ ሥር ዘርግቶ ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ ማድረግ ብቻ ነው፤ ጥንዚዛው፣ ጉንዳኑ፣ ሸረሪቱ ሁሉ ይረግፋል። ከዚያ ቆጠራ ይጀመራል፦ ነፍሳት ስድስት እግርና ሦስት የአካል ክፍል፣ ሸረሪት ስምንት እግርና ሁለት የአካል ክፍል፤ አንቴና ደግሞ የላትም።

መለያ ካርዱ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። ከሸረሪት አፍ አጠገብ ያሉትን ሁለት አጫጭር ዳሳሾች ሥዕሉ ስለማያሳይ፣ ልጆቹ እግር መስለዋቸው አሥር ይቆጥራሉ። የቢራቢሮ አባጨጓሬም በካርዱ ላይ የለም። ደረቱ ላይ ካሉት ስድስት እውነተኛ እግሮች ሌላ በሆዱ ሥር ሥጋማ መርገጫዎች ስላሉት፣ «ይህስ ነፍሳት አይደለም» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩን እወደዋለሁ፤ መምህር አጠገባቸው ከሌለ ግን ካርዱ ያሳስታቸዋል። አዘጋጆቹ ሁለቱን ሥዕሎች ቢጨምሩ ምን ነበረበት?

መረቡ ስስ ነው፤ እሾህ ሲነካው ይቀደዳል። ለደረቅ ሣር ብቻ አውጡት።

በአፍ እየሳቡ ትንንሽ ነፍሳትን የሚይዙበት ቱቦ ወንፊት አለው፤ ነፍሳቱ ወደ አፍ አይገቡም። ሆኖም መሳቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ ከተማሪ ወደ ተማሪ ማዘዋወር ለጤና አይበጅም። እኔ በለስላሳው ብሩሽ ተክቼዋለሁ፤ ጉንዳን እንኳ ሳይጎዳ ያነሳል።

ማስቀመጫዎቹን ፀሐይ ላይ አትተዉ፤ ውስጣቸው ፈጥኖ ይግላል፣ የያዛችሁትም ይሞታል። መመሪያው ላይ በጉልህ መጻፍ የነበረበት ይህ ነው።