ገና በካሪቢያን መርከብ ላይ፦ ልጆቻችሁ ከጋበዟችሁ

ልጆቻችሁ አሜሪካ ካሉ ይህ ግብዣ አንድ ቀን ይመጣላችኋል። ልጄ ደውሎ «እማዬ፣ ዘንድሮ ለፈረንጅ ገና ሁላችንም መርከብ ላይ ነን» ሲለኝ ቡና እየቆላሁ ነበር። ምጣዱን አወረድኩና ተቀመጥኩ።

ደሴ፣ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት፣ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው የኖርኩት። የካሪቢያንን ባሕር በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደሳልኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ኩባ ከላይ፣ ጃማይካ ከሥሯ፣ ከዚያ ትንንሾቹ ደሴቶች ክሩ እንደተበጠሰ መቁጠሪያ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ተበትነው። ያንን ካርታ በዓይኔ ማየት እፈልግ ነበር። ሄድኩ።

ከተመለስኩ ወዲህ በማኅበርም በለቅሶም የማገኛቸው እናቶች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «እኛም ተጠይቀናል፤ እንሂድ?» መልሴ አጭር ነው። ሂዱ። ግን በገና ሳምንት አይሁን፤ መስኮት የሌለው ክፍልም አይያዝላችሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ።

ከማያሚ የተሳፈርነው ቅዳሜ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017፣ በሚካኤል ዕለት ነው። እኔ፣ ልጄ፣ ምራቴና የ8 ዓመት የልጅ ልጄ። ደሴን ስለቅ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ፣ እኔም በጋቢ ተጠቅልዬ ነበር። ማያሚ ላይ ሰው በቁምጣ ይሄዳል። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርዶ ባሕር ዳር መቆም ለሰውነት ቀላል አይደለም፤ እግሬ ሁለት ቀን አብጦ ነበር። ባሕር ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አሰብ ነው። ወንድሜ ወደቡ ላይ በሚሠራበት ዘመን ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርገን ወርደን። ያኔ ለደሴ ሰው አሰብ ሩቅ አገር አልነበረም። መርከቡ ተነቃንቆ ማያሚ ወደ ኋላ ስትቀር ያ ሁሉ መጣብኝና አለቀስኩ። የልጅ ልጄ እጄን ይዛ «አያቴ፣ ፈራሽ?» አለችኝ። አሰብን እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ከዚያ በፊት ግን ፍተሻው ላይ ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ወሰዱብኝ። ጀበናዬንና የተፈጨ ቡናዬን ምንም አላሉም። የሚግል ዕቃ፣ ካውያም ቢሆን፣ ክልክል ነው። ባሕር መሀል እሳት ቢነሳ መሸሻ የለምና ምክንያታቸው ይገባኛል። ደረሰኝ ሰጥተው «ስትወርጂ ትወስጃለሽ» አሉኝ። እኔ የምለው፣ ለተሳፋሪ ቀድሞ በሚላከው ወረቀት ላይ በትልቁ ይጻፍ ነው። እዚያ ደርሶ ከሰው ፊት ሻንጣ ማስከፈት ደስ አይልም። እናንተም አውቃችሁ ሂዱ።

ወደ ክፍሉ ልግባ። ልጄ ዋጋው ስለከበደበት ለእኔና ለልጅቷ የያዘልን የውስጥ ክፍል ነበር። መስኮት የለውም። ንጹሕ ነው፣ አልጋው ምቹ ነው፣ ጽዳት ሠራተኛው በየማታው ፎጣውን አጣጥፎ ዝሆን ወይም ዝንጀሮ አድርጎ ይተውልናል፤ ልጅቷ ለእሱ ስትል በጊዜ ትገባ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ ግን ጨለማው ድቅድቅ ነው። ሌሊት ይሁን ቀን አይለይም። የመጀመሪያው ሌሊት ነቅቼ ጸሎት ላደርስ ተነሳሁ። ምሥራቅ የት ነው? ቤቴ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። እዚያ ግን ቤቱ ራሱ ይዞራል። ቴሌቪዥኑ ላይ መርከቡ ያለበትን ቦታ በካርታ የሚያሳይ ጣቢያ አለ። እሱን ከፈትኩ። ትንሿ የመርከብ ምስል በኩባ አጠገብ ጉዞ ላይ ነበረች። አፍንጫዋ ወዴት እንደሚያመለክት አየሁ፣ ክፍላችን ወደየት እንደዞረ አሰላሁ፣ ፊቴን ወደ በሩ መለስኩ። ከዚያ ወዲያ ሌሊት ሌሊት እንዲሁ አደረግኩ። አንዱን ሌሊት በሩ፣ ሌላውን ሌሊት ቁም ሳጥኑ ምሥራቅ ይሆናል።

በዕድሜ ለገፋ ሰው መስኮት የቅንጦት ነገር አይደለም። ማጥወልወል የጀመረኝም እዚያው ጨለማ ውስጥ ነው። ወደ ላይ ወጥቼ አድማሱን ሳይ ተወኝ።

አሁን ምግብ። ጉዞው የዋለው ጾም ላይ ነው። የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16፣ የእኛ 29። ቡፌው የቀን ገበያ ያህል ነው፤ ሥጋው፣ አይቡ፣ ኬኩ፣ የአሳማውም ዓይነት ብዙ። የመጀመሪያው ቀን ሩዝና ሰላጣ በልቼ አደርኩ። ምራቴ ናት «ቪጋን በይ» ያለችኝ። ይህን ቃል ያዙት። «ጾም ነው» ብትሉ ዓሣና እንቁላል ያመጡላችኋል፤ «ቪጋን» ካላችሁ ግን ሥጋም ወተትም ቅቤም እንቁላልም እንደማትነኩ ይገባቸዋል።

በእራት አዳራሹ የሚያስተናግደን ሰው ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጣ ነው። ቀጭን፣ ጸጉሩ ሸበት ያለ። ለምን እንደማልበላ ጠየቀኝ። በእንግሊዝኛ «ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እስከ ገናችን እጾማለሁ» አልኩት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከሸሚዙ ሥር በክር ያንጠለጠላትን መስቀል አወጣ። እሱም ኦርቶዶክስ ነው። እሱም እየጾመ ነው። የእነሱ 25 ቀን ነው፣ የእኛ ከ40 ያልፋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ከእኛ ጋር በእምነት አንድ እንደሆነች አውቅ ነበር፣ ግን የዚያችን ቤተ ክርስቲያን ልጅ ባሕር መሀል አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ ማታ ጀምሮ የነገውን ምግብ ዝርዝር ከዛሬው እያመጣ ያስመርጠኝ ነበር። ምስር በቅመም፣ ሽምብራ፣ ድንች በእርድ። ሚጥሚጣዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አቀመስኩት፤ «ይሄማ የኛ ነው» ብሎ ሳቀ። ትንሿ ልጁን ካያት ስምንት ወሩ ነው። ውሉ ሲያልቅ ነው የሚገባው።

ለመስተንግዶው ከአሥር አሥር እሰጣለሁ። ሠራተኛው ከፊሊፒንስም ይምጣ ከኢንዶኔዥያ፣ ስማችሁን በሁለተኛው ቀን ያውቃል።

ስለ መርከቡ አሠራር ግን ቅር ያለኝን ልናገር። ደሴ ያደገ ሰው አይጠየፍ አዳራሽን ያውቃል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ትልቁ የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ስለሚያስተናግድ ነው። መርከቡ ላይ ከላይኛው ፎቅ ልዩ ካርድ ያለው ብቻ የሚከፍተው በር አለ። ከበሩ ወዲያ የራሳቸው ገንዳ፣ የራሳቸው ምግብ ቤት። የልጅ ልጄ ካርዷን በሩ ላይ አስጠግታ ቀይ መብራት ሲበራባት «ለምን እኛን አይከፍትልንም?» አለች። የታችኛው ገንዳ ደግሞ በበዓሉ ሳምንት ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሳ ውኃው አይታይም ነበር። ወንበር ለመያዝ ከንጋቱ 12 ሰዓት ፎጣ የሚያነጥፍ ሰው አለ። ልጄ ለአንድ ሰው ከ1,300 ዶላር በላይ የከፈለው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ያው መርከብ በጣም እንደሚረክስ በኋላ ነገረኝ።

ሰኞ ጃማይካ፣ ኦቾ ሪዮስ ደረስን። እነ ልጄ ደንስ ሪቨር የሚባለውን ፏፏቴ ሊወጡ ሄዱ። ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ውኃው ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ ወደ ላይ ይወጣል። ጉልበቴ ስለማይችል ከታክሲ ሹፌራችን ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ቀረሁ። ሸምገል ያለ፣ ጸጉሩ እስከ ወገቡ የወረደ ራስ ተፈሪያን ነው። የነጠላዬን ጥለት ደጋግሞ ያያል። «ከየት ነሽ?» አለኝ። «ከኢትዮጵያ።» ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ጃንሆይ በ1958 ዓ.ም. ሚያዝያ 13 ቀን ኪንግስተን ሲያርፉ እናቱ አውሮፕላን ማረፊያው ነበረች። ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ጃንሆይ ወዲያው መውረድ አልቻሉም። እናቱ ያን ቀን ሲዘንብ የነበረው አውሮፕላኑ ሲታይ እንዳባራ እየደጋገመች ትነግራቸው ነበር። ቀኑን ዛሬም በየዓመቱ ያከብሩታል። እኔም የማውቀውን ነገርኩት። እቴጌ መነን የአምባሰል ልጅ ናቸው፣ ከከተማዬ ብዙም አይርቅም። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። እኔ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት በእሳቸው ስም ነው የሚጠራው። ዝም ብሎ አየኝ። «የእቴጌ መነን እናት ስም?» አለ። ደግሜ ነገርኩት። ከመኪናው ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ «በአማርኛ ጻፊልኝ» አለኝ። «ስኂን» ብዬ ጻፍኩለት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሥራ ዘመኔ ያንን ስም በየቀኑ ከበሩ ላይ ሳነበው ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

በመመለሻችን የብሉ ማውንቴን ቡና አስቀመሰኝ። ቡና ጃማይካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ነው። ለስላሳ ነው፣ መዓዛው ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ቀጠነብኝ፤ የእኛ በረካ ይወፍራል። ሹፌሩ የታክሲውን ሒሳብ ግማሹን አልቀበልም ብሎ ከልጄ ጋር ተጨቃጨቁ።

ማክሰኞ ግራንድ ካይማን መውረድ ነበረብን። የልጅ ልጄ ስትንግሬይ የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ቆማ ልትዳስስ ወር ሙሉ ስትጠብቅ ነበር። ጠዋት ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ነፋሱ ስለበረታ አንቆምም አለ። ደሴቱ ላይ ትልልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የለም፤ ተሳፋሪው በትንንሽ ጀልባ ነው የሚወጣው። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ እስከዚያ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ መቅረቱ ትክክል ነው፣ ለነፍሳችን ነው። ይህ በክረምታቸው የሚያጋጥም መሆኑን ግን ትኬት ሲሸጡ ሊነግሩን ይገባ ነበር። በመርከቡ በኩል የከፈልነው ጉብኝት ተመለሰልን። ከጎናችን ያለው ቤተሰብ በውጭ አስጎብኚ በኩል የከፈለውን ግን መርከቡ አልመለሰለትም። ልብ በሉ።

ልጅቷ አለቀሰች። ወደ ላይ ይዣት ወጣሁ። «አሁን ከሥራችን ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አልኳት። በጃማይካና በካይማን መካከል ያለው የባሕር ገደል ከ7,600 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ራስ ዳሽንን አንስተን ብንከተው ጫፉ ላይ ለመድረስ ገና ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ውኃ ይቀራል። ዕንባዋን ጠርጋ አጥሩን ይዛ ወደ ታች አየች። «ጦሳስ?» አለችኝ። ጦሳማ ከነደሴው ይሰጥማል አልኳት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያስተማርኩት ምርጡ ክፍለ ጊዜ ያ ነው።

ኮዙሜል፣ ሜክሲኮ፣ ሐሙስ ዕለት ወርደናል። ውኃው ያምራል፣ ሱቁ ይበዛል፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ስለ ገንዘብ ይህን ያዙ። ትኬቱ የመጨረሻው ሒሳብ አይደለም። የአገልግሎት ክፍያ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 16 ዶላር ተቆረጠብን፣ ለልጅቷም ጭምር። ለአራት ሰው በሰባት ቀን 448 ዶላር መጣ። ኢንተርኔት ለብቻው ይከፈላል። ፎቶ እያነሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ይሸጣሉ። በካርዱ ስትገዙ ብር የወጣ አይመስላችሁም፤ በየማታው ሒሳቡን ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ቪዛችሁን እዩ። መርከቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ነው የሚመለሰው። ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መመለሻው ላይ ትቸገራላችሁ። የየደሴቱንም የመግቢያ ደንብ ልጆቻችሁ ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ልጄ እንዲህ አድርጎ ነው ያለ ጭንቀት የሄድነው።

ቅዳሜ ንጋት ማያሚ ደረስን። ታኅሣሥ 19፣ የገብርኤል ዕለት። የኬረላው ሰው ጾሙን ከፈታ ሦስት ቀኑ ነበር። «አንቺ ገና አሥር ቀን አለሽ» ብሎ አበረታኝ። ለልጁ ብዬ ከአንገቴ ያወለቅኳትን የላሊበላ መስቀል ሰጠሁት። ምድጃዬ በፕላስቲክ ታስሮ፣ የክፍሌ ቁጥር ተጽፎበት፣ መውጫው ላይ ጠበቀኝ። ልጄ ቤት እንደገባን ጫማዬን ሳላወልቅ ሰካሁት፣ ጀበናውን ጣድኩ።

ቡናው እስኪፈላ ተስማማን። የሚቀጥለው ከፋሲካ በኋላ ይሆናል፤ በረንዳ ያለው ክፍል፣ ቢያንስ መስኮት። ካይማን ላይ የሚቆም መርከብ ይሁን ያለችው ልጅቷ ናት።