ለአጋሮቻችን ወርሃዊ ድርሻ የሚቆጥርልን ሶፍትዌር፦ የአሥራ አራት ወር ልምድ ከደሴ

ደሴ ላይ አምስት ሆነን የምናንቀሳቅሳት አንዲት የበይነ መረብ ጨዋታ አለችን። ገበጣ፣ ዳማና እንቆቅልሽ አለባት፤ ውርርድ የለባትም። ደንበኛ በወር 115 ብር ከፍሎ የፈለገውን ያህል ይጫወታል። ለሬዲዮም ለቴሌቪዥንም ማስታወቂያ የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረን፣ ደንበኛ የሚያመጣልን ሰው ሁሉ ያ ደንበኛ እስከከፈለ ድረስ በየወሩ ድርሻውን እንዲወስድ ወሰንን። በሙያው አፊሊየት ይባላሉ፤ እኛ አጋር እንላቸዋለን። ይህን ድርሻ የሚቆጥርልንን ሶፍትዌር ከአንድ የውጭ ኩባንያ የተከራየነው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነበር፤ አሁን አሥራ አራት ወር ሞላው። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ከምዘረዝረው ችግር አብዛኛው የዚህ ኩባንያ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች በብዛት ከተሠሩበት ዓላማ የሚመነጭ ነው።

ብዙዎቹ የተሠሩት ለውርርድ ቤቶች ነው። በውርርድ ቤት ሒሳብ ጠቅላላ ገቢ የሚባለው ተጫዋቾች ካስያዙት ገንዘብ ላይ ያሸነፉት ተቀንሶ ለቤቱ የሚቀረው ነው። ከዚያ ላይ ቦነስ፣ ግብርና የክፍያ መስመር ወጪ ሲነሣ የተጣራ ገቢ ይሆናል፤ የአፊሊየቱም መቶኛ የሚሰላው ከዚሁ ነው። ይህን ልብ ብሎ ላነበበው ሰው ነገሩ ከባድ ነው። ጓደኛውን ወደ ውርርድ ያስገባ ሰው ጓደኛው በተሸነፈ ቁጥር ይከፈለዋል፤ ጓደኛው ሲያሸንፍ ደግሞ ድርሻው ይቀንሳል። እኛ ይህን ፈጽሞ አንፈልግም ነበር፤ ነገር ግን የተከራየነው መሣሪያ ቋንቋውን ይዞ መጣ።

ሆጤ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው አንድ ወጣት አጋራችን በሁለተኛው ሳምንት የሒሳብ ገጹን ከፍቶ ሲያይ በእንግሊዝኛ «የተጫዋች ኪሳራ» የሚል ዓምድ አገኘ። በዚያው ማታ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እኔ ሐራም ገንዘብ ቤቴ አላስገባም፤ ይህ ነገር ቁማር ከሆነ ከአሁኑ ስሜን አውጡልኝ» አለ። በማግሥቱ ቤቱ ሄጄ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አብሬው ተቀመጥኩ። አንድ ደንበኛ የከፈለው 115 ብር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በደብተር ላይ እየጻፍን አየነው፤ ማንም እንደማይሸነፍ፣ ማንም እንደማያስይዝ ሲያረጋግጥ ቀጠለ። የዓምዶቹን ስም መለወጥ እንደሚቻል ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉንም በአማርኛ ጻፍነው፦ የወር ክፍያ፣ የተመለሰ ክፍያ፣ የተጣራ ገቢ፣ የእርስዎ ድርሻ። በመጀመሪያው ቀን ልናደርገው ይገባ ነበር። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ለንጹሕ ጨዋታ የምትከራዩ ሁሉ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ለምን በአንድ ጊዜ ክፍያ አልጨረሳችሁትም የሚለኝ ብዙ ነው። በአንድ ሰው ይህን ያህል ብሎ መክፈል የደላላ አሠራር ነው፤ ደላላው ሻጭና ገዢን አገናኝቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ክፍያ ሐሰተኛ ደንበኛም ይበዛል፤ አምስት ሲም ካርድ ያለው ሰው አምስት ጊዜ ይመዘገባል። እኛ የፈለግነው በወሎ ገጠር ከብት በርቢ እንደሚሰጠው ዓይነት ነው። ባለላሙ ላሚቱን ለአርቢ ይሰጣል፤ አርቢው ያበላታል፣ ይጠብቃታል፤ የተወለደውን ይካፈላሉ። አጋራችን ደንበኛውን ያመጣል፤ እኛ ጥሩ ጨዋታ እያቀረብን እንጠብቀዋለን፤ በየወሩ የሚወለደውን እንካፈላለን። ለአጋሮቻችን ከየትኛውም ጽሑፍ በላይ ያስረዳልን ይህ ምሳሌ ነው። አዛውንቶቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ስምምነታችን የተጣራ ገቢ 20 በመቶ ነው። ከ115 ብሩ ላይ 15 ብሩ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ የእኛ አይደለም። ለክፍያ መስመርና ለሰርቨር 10 ብር እንቀንሳለን። 90 ብር ይቀራል፤ የአጋሩ ድርሻ 18 ብር ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ግን መቶኛውን የሚያሰላው ከገባው ገንዘብ ሁሉ ነበር፤ በአንድ ደንበኛ 23 ብር ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ሒሳብ ከፈልን። ልዩነቱን ያየችው የሒሳብ ሠራተኛችን ነበረች። መልሱልን ማለት እንችል ነበር፤ አላልንም። ስሕተቱ የእኛ ነው፤ ገንዘቡም የተከፈለው ለአቢይ ጾምና ለረመዷን አስቤዛ ነበር። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ግን በእያንዳንዱ አጋር የሒሳብ ገጽ አናት ላይ ከ115 እስከ 18 ያለውን መንገድ በአራት መስመር አስቀመጥን። የተጣራ የሚለው ቃል ምን ምን እንደተነሣለት ካልተጻፈ ባዶ ቃል ነው። ነገ ሌላ ወጪ ጨምሮ ድርሻውን ማሳነስ ለባለቤቱ ቀላል ነው፤ ስለዚህ የተቀናሹን ዓይነትና መጠን ውሉ ውስጥ አሰፈርን፤ የቀድሞ ደንበኞችን የሚነካ ለውጥም አጋሩ ሳይፈርም እንዳይደረግ ተስማማን።

ከሁሉ ያስቆጣኝ ግን አንድ ማብሪያ ነው። በዚህ ሙያ ያለፈው ወር ዕዳ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገር ወይስ በዜሮ ይጀመር የሚል ምርጫ አለ። በውርርድ ቤት አንድ ተጫዋች ትልቅ ገንዘብ ካሸነፈ የአፊሊየቱ ወር ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ዕዳው የሚሻገር ከሆነ ሰውየው ለወራት ምንም ላያገኝ ይችላል። የእኛ ሶፍትዌር ሲመጣ ዕዳ የሚያሻግረው ማብሪያ በርቶ ነበር፤ አላየነውም።

በሰኔ 2017 ሰርቨራችን ተበላሽቶ ጨዋታዋ ለአሥራ አንድ ቀን ቆመች። የዚያን ወር ክፍያ ለሁሉም ደንበኞች መለስን። ወልዲያ ያለው አጋራችን 30 ደንበኞች ነበሩት፤ የተመለሰው ገንዘብ የተመዘገበው በቀጣዩ ወር ሆነ፤ በዚያ ወር ደግሞ የከፈሉት 18ቱ ብቻ ነበሩ። ከ18ቱ የተገኘው 1,620 ብር፣ የተመለሰው 2,700 ብር፤ ሒሳቡ 1,080 ብር ከዜሮ በታች፣ የእሱ ድርሻ 216 ብር ዕዳ። በተከታዩ ወር ደንበኞቹ 24 ደርሰው 432 ብር ሊያገኝ ሲገባው ሶፍትዌሩ ግማሹን ቆርጦ 216 ብር ላከለት። ሰውየው አልጮኸም። «ወንድሜ፣ ሰርቨሩ የእናንተ ነው፤ እኔ የተበላሸውን ለሰው ስገልጽ ነው የከረምኩት» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት የተቆረጠበትን መለስንለት፤ ማብሪያውንም ለሁሉም አጠፋነው። በእኛ ጥፋት የተመለሰ ክፍያ አሁን ከአጋር ድርሻ ላይ ጨርሶ አይነሣም። ሶፍትዌሩ በእኛ ጥፋት የተመለሰውን ከሌላው ተመላሽ ለይቶ ስለማያውቅ በየወሩ በእጅ እናስተካክላለን፤ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ወደ በጎው ጎን ልመለስ፤ በጎ ጎን አለውና። ደንበኛው የማን እንደሆነ የሚለይባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ሊንክና ኮድ። ሊንኩ በስልኩ አሳሽ ውስጥ ኩኪ የሚባል ምልክት ይተዋል፤ ደንበኛው በ30 ቀን ውስጥ ከተመዘገበ ለአጋሩ ይቆጠራል። እኛ ዘንድ ይህ ብዙም አልሠራም። ሰዉ ሊንኩን የሚያገኘው በቴሌግራም ነው፤ የቴሌግራም የውስጥ አሳሽ የተወውን ምልክት ሌላው አሳሽ አያየውም። ማታ በቴሌግራም የነካ ሰው ጠዋት በሌላ አሳሽ ገብቶ ሲመዘገብ የማንም ያልሆነ ደንበኛ ይሆናል። አንድ ስልክ ለሦስት ወንድማማቾች የሚሆንበትም ቤት አለ። ኮዱ ግን አዳነን። ለእያንዳንዱ አጋር አራት አኃዝ ሰጠን፤ ፊደል የሌለበት፣ በቃል የሚነገር። የባቲ አጋራችን ሰኞ ገበያ ላይ ቆሞ በቃሉ ይናገረዋል፤ ፕሌይስቴሽን ቤቶቹ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፈውታል። ደንበኛው ሲመዘገብ ኮዱን ካስገባ ከሊንኩ ይበልጣል፤ ሶፍትዌሩ ይህን ቅደም ተከተል በደንብ ያከብራል። በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንድም ኮድ ለሌላ ሰው ሲቆጠር አላየሁም። ለዚህ ብቻ ኪራዩን ሳልጸጸት እከፍላለሁ።

ሰዓቱና ዘመን አቆጣጠሩ ግን አድካሚ ናቸው። ወሩን የሚዘጋው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ያ ከእኛ በሦስት ሰዓት ስለሚዘገይ አንዱ ቀን አልቆ ሌላው የሚጀምረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በአዘቦቱ ማንም አያስተውለውም። በረመዷን ግን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር የሚጫወተው ብዙ ነው፤ ክፍያውም በሌሊት ይገባል። በየቀኑ በደብተር የሚመዘግቡ አጋሮቻችን ከሶፍትዌሩ ጋር አልገጠም ብለው መጡ፤ ልክ ነበሩ። ሪፖርቱን በእኛ ሰዓት ማሳየት ይቻላል፤ የወሩ መዝጊያ ግን አይለወጥም። ወሩ ደግሞ የፈረንጅ ነው። መስከረም 2018 ላይ የኮምቦልቻዋ አጋራችን «በጳጉሜን የከፈሉት ስድስት ሰዎች የት ገቡ?» ብላ ጠየቀችን፤ አምስቷ ቀን የፈረንጁ መስከረም ውስጥ ተዋጠው ነበር። ኩባንያውን ጠየቅን፤ በዕቅድ የለም አሉ። አሁን ከሶፍትዌሩ አውጥተን በእኛ ወራት የተዘጋጀ መግለጫ ራሳችን እንሠራለን፤ ጳጉሜን የራሷ መስመር አላት።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሒሳቡን ስትከፍቱ መሠረታዊ ገንዘቡን ብር አድርጉት። እኛ ዶላር ላይ ተውነው፤ ሶፍትዌሩ የብሩን ገቢ ወደ ዶላር ቀይሮ ያስቀምጣል፤ በየቀኑ ምንዛሪ ደግሞ ወደ ብር መልሶ ያሳያል። አጋሩ በወሩ 5ኛ ቀን ያየው ድርሻ በ10ኛው ቀን ሌላ ቁጥር ይሆናል። ሰው ድርሻው ከዓይኑ ሥር ሲለዋወጥ እንዴት ያምናል? አንዴ ከተከፈተ መቀየር ስለማይቻል አዲስ ሒሳብ ከፍተን ሁሉንም አዛወርን። ኪራዩ ራሱ በዶላር ነው። ዕቅዱን ስናወጣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ውሉን ስንፈርም ከእጥፍ በላይ ሆኖ ጠበቀን። በቴሌብር መክፈያም የለውም፤ ዝርዝሩን አውጥተን አንድ በአንድ እንልካለን።

የቀረውን ባጭሩ፦ ደንበኛ ሲበዛ መቶኛው የሚያድግበት ደረጃ አለው፣ ይሠራል። አጋር ሌላ አጋር መልምሎ ከዚያኛው ድርሻ የሚወስድበትን ክፍል ዘግተነዋል፤ የፒራሚድ ንግድ ያቃጠለው ሰው በዚህ አካባቢ ጥቂት አይደለም። ኩባንያው ለጥያቄ በአንድ ቀን ይመልሳል። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ለሌላ ዓመትም አድሰነዋል።

ስናድስ ያጠፋነው ሌላ ነገር አለ። በዘጠና ቀን ውስጥ አዲስ ደንበኛ ያላመጣን አጋር ሶፍትዌሩ ቦዝኗል ብሎ ክፍያውን ያቆማል። በዚህ ሙያ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ትክክል ነው ብዬ አልቀበልም። ከመጀመሪያዎቹ አጋሮቻችን አንዷ በ2017 ክረምት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደች። ካስገባቻቸው 52 ደንበኞች 34ቱ ዛሬም ይከፍላሉ፤ በወር 612 ብር። ኩታበር ላሉት እናቷ እንዲላክ ጠይቃን ሄዳለች። በጥቅምት ክፍያው ቆሞ አገኘነው፤ አስተካክለን የዘገየውን አንድ ላይ ስንልክ እናትየው ደወሉ።

«ልጄ፣ እሷ እዚህ የለችም፤ ተሳስታችሁ የሰው ገንዘብ እንዳይሆን» አሉኝ።

የርቢውን ነገር ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ታዲያ ላሚቱን አሁን የሚጠብቃት ማን ነው?»

«እኛ ነን፣ እማማ።»

«እንግዲያው አብሽር፤ ደኅና አድርጋችሁ ያዟት» ብለው ዘጉ።

ድርሻን ለቤተሰብ ወይም ለወራሽ ማዛወሪያ ቦታ ሶፍትዌሩ ውስጥ የለም። ውላችን ላይ አንድ አንቀጽ ጨምረናል፤ የእናትየውን የቴሌብር ቁጥር ደግሞ በልጅቱ ስም ሥር ካለው የማስታወሻ ሣጥን ውስጥ ጽፈነዋል፤ በየወሩ 10ኛ ቀን ላይ ከዚያ እየገለበጥን እንልካለን።