ኢማቲኒብን 4 ዓመት ዋጥኩት፣ ሪቪዬ ይኸው

ሰው ስለ ስልክና ስለ ፀጉር ቅባት ሪቪው ይጽፋል፣ እኔ ደሞ በየቀኑ ስለምውጣት ኪኒን ልጻፍ። ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር አለብኝ፣ ኢማቲኒብ 400 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው የምወስደው፣ አራት ዓመት አለፈኝ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ሽንኩርት ስከትፍ ያየኝ ሰው ይገባዋል፣ እመጣበታለሁ።

ስራው ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ክሮሞዞም 9 እና 22 ቁራጭ ይለዋወጡና ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ካይኔዝ ይፈጠራል። ካይኔዝ ሴሉን "ተባዛ" ምናምን እያለ ትዕዛዝ የሚያስተላልፍ ነገር ነው፣ ይሄኛው ግን ማጥፊያው ተበላሽቶ ቀን ከሌት እንደሚበራ አምፖል ነው፣ ነጭ የደም ሴሉ ዝም ብሎ ይባዛል። ኢማቲኒብ ኤቲፒ (የሴሉ ጉልበት የሚባለው) ካይኔዙ ላይ የሚገባባት ቦታ ላይ ቀድሞ ቁጭ ይልና ያጠፋዋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ግሊቬክ በሚል ስም ተፈቀደ፣ ዋናው ጥናት ታካሚዎቹን ከ10 ዓመት በላይ ተከታትሎ 10 ዓመት ላይ በሕይወት ያሉትን 83 በመቶ ገደማ ነው ያስቀመጠው። እና እዚህ ሳማርር ይሄን ረስቼው እንዳይመስላችሁ።

ወደ ጎንዮሽ ጉዳቱ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አንብቤ ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያደርኩት፣ ጉበት፣ ልብ፣ ደም መፍሰስ፣ ምን ያልተጻፈ አለ። እኔን ያገኘኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ስር ያብጣል፣ ስታለቅስ ያደረች ሴት ነው የምመስለው፣ ቢሮ ስገባ "ምነው ማን ሞተብሽ" ያላለኝ የለም፣ ከሰዓት ላይ ይጎድላል። ማታ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ ከእንቅልፌ ዘልዬ ተነስቼ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። እጅም ላይ ይመጣል፣ አንዴ ለወጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጣቶቼ ቢላው ላይ ተቆልፈው ቀሩ፣ በሌላኛው እጄ አንድ በአንድ ነው የፈታኋቸው፣ የቀነስኳት ኮከብ ይቺ ናት። ለዶክተሬ ስነግረው ማዕድኖቼን በደም አስመረመረኝና ውሃ አብዢ አለኝ፣ አልጠፋም ግን ቀንሷል።

ማቅለሽለሹ ደሞ የራሴ ጥፋት ነበር። ኢማቲኒብ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው የሚወሰደው፣ እኔ በባዶ ሆዴ ስውጥ ከርሜ "መድኃኒቱ አልተስማማኝም" እያልኩ ነበር። አሁን ከምሳ ጋር ነው፣ በአብይ ጾም ደሞ 9 ሰዓት ላይ ስገድፍ ከሽሮዬ ጋር አደርጋታለሁ፣ ዶክተሬም ሰዓቷ በየቀኑ አንድ ትሁን እንጂ ችግር የለውም ብሎኛል። መዋጥ ለከበደው ውሃ ውስጥ አሟሙቶ መጠጣት ይቻላል፣ 400ዋን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ጣዕሙ ግን አይነገርም።

አንድ ጊዜ ቀጠሮዬ ተስተጓጎለና ከአንድ የግል ፋርማሲ ገዛሁ። ሰጪው አንድም ቃል ሳይናገር በፌስታል አስሮ ሰጠኝ፣ እኔም እንደለመድኩት በቀን አንድ እያልኩ ሦስት ቀን ወሰድኩ፣ በአራተኛው ቀን እህቴ ሳጥኑን ገልብጣ አይታ "ይሄ እኮ 100 ነው የሚለው" አለችኝ። አራት ፍሬ መዋጥ ሲኖርብኝ ሩቡን ነው የወሰድኩት ማለት ነው! ኧረ ባካችሁ ቁጥሩን አንብቡ፣ የኪኒኑ መልክ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በቀለም አትመኑ።

ከምን ጋር እንደምትቀላቅሉትም እዩ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ኢማቲኒብን ከደም ውስጥ ጠራርጎ ነው የሚያወጣው፣ መጠኑ ከ70 በመቶ በላይ ይወርዳል፣ እዚህ አገር ደሞ ቲቢ ብርቅ አይደለም። ግሬፕ ፍሩት ጁስ በግልባጩ መጠኑን ከፍ ስለሚያደርገው ትቼዋለሁ። ፓራሲታሞል ማብዛት ከጉበት ጋር ያጣላል። አክስቴ ያመጣችልኝን ተወቅጦ በማር የተለወሰ ነገር ምን እንዳለበት ስላላወቅኩ አልነካሁትም፣ እስከዛሬ አኩርፋኛለች። እርግዝና ያሰባችሁ ደሞ ከማርገዛችሁ በፊት ነው ሐኪም ማናገር ያለባችሁ፣ ፅንስ ይጎዳል።

እኔ በየቀኑ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ በጥቂት ቀን ኪሎ ድንገት ከጨመረ ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል። ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ትኩሳት፣ ያለምክንያት መድማት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። የደም ምርመራው መጀመሪያ ወር በየሳምንቱ ነው፣ በሁለተኛው ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ያሰለቻል፣ ግን ነጭ የደም ሴሌ ከሚገባው በታች ወርዶ ዶክተሬ ለሁለት ሳምንት መድኃኒቱን ያቆመልኝ በዛ ምርመራ ታይቶ ነው። ዶክተር ማቆምና እኔ በራሴ መዝለል ለየቅል ናቸው፣ የዘለልኩበት ወር በፒሲአር ውጤቴ (በሽታው ደሜ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ የሚለካው ምርመራ) ላይ ታይቶ አፍሬያለሁ።

ሌሎቹ የሲኤምኤል ኪኒኖች ይሻላሉ ወይ ለምትሉ፣ ወረፋ ላይ የተዋወቅኋት እህት ኒሎቲኒብ ላይ ናት፣ በቀን ሁለቴ፣ ከመዋጧ 2 ሰዓት በፊትና 1 ሰዓት በኋላ ምግብ የለም፣ እሷ ጾሟ ዓመቱን ሙሉ ነው። ኒሎቲኒብ የልብ ምትን ስለሚነካ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ያስነሳታል፣ ስኳርም ከፍ ያደርጋል። ዳሳቲኒብ ሳንባ ዙሪያ ውሃ በመቋጠር ይታማል። ፖናቲኒብ እንኳን በደም ስር መዘጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ ቆሞ ነበር፣ በኋላ ጠበቅ ካለ ማስጠንቀቂያ ጋር ተመለሰ። በቃ እኔ ከዓይኔ እብጠት ጋር ተስማምቻለሁ።

ያልጠበቅኩት የቆዳዬን ነገር ነው። ኢማቲኒብ ቢሲአር-ኤቢኤልን ብቻ አይደለም የሚዘጋው፣ ኪት የሚባል ሌላ ካይኔዝም ይነካል፣ ኪት ደሞ የቆዳ ቀለም ለሚያመርቱት ሴሎች ያስፈልጋል። እኔ ጠይም ነበርኩ፣ በዓመት ተኩል ውስጥ ቀላሁ፣ በእናቴ ልቅሶ እንኳን ያልመጣ ዘመድ "ቅባት ጀመርሽ እንዴ" ለማለት ደውሏል። ጎረቤታችን ደሞ ባለፈው ቡና ላይ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ "እስቲ ስሙን ንገሪኝ፣ አላወራም" አለችኝ። የካንሰር መድኃኒት ነው እኮ አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና "የትኛው ፋርማሲ አለ?"