ለረጅም ፀጉር የትኛው ማስያዣ ይሻላል? ላስቲክ፣ ስክራንቺ፣ መቆንጠጫና ፒን ሲነጻጸሩ

ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። 60 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ፀጉር ጫፉ የ5 ዓመት ዕድሜ አለው ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲታሰርና ሲፈታ ኖሯል። አጭር ፀጉር ላይ የደረሰ ጉዳት ሳይታወቅ ተቆርጦ ይሄዳል፤ ረጅሙ ላይ ይጠራቀማል። ማስያዣ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ሲወጣ ፀጉር ይዞ ይወጣል ወይ የሚለው ነው፤ መልኩ ቀጥሎ ይመጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ችግሩ ከማስያዣው መሆኑን አረጋግጡ። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ብርሃን ላይ ያዙት። አንደኛው ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ የምታክል ሥር ካለችው በራሱ ጊዜ የረገፈ ነው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ ጤናማ ነው። ሥር የሌለውና አጫጭር ከሆነ ግን ተሰብሯል። ስብራቱ ዘወትር በምታስሩበት ከፍታ ላይ ከበዛ ጥፋቱ የማስያዣው ወይም የአስተሳሰራችሁ ነው።

ከሁሉ የከፋው ምንም ጨርቅ ያልለበሰ ቀጭን የጎማ ላስቲክ ነው። ጎማ ፀጉር ላይ አይንሸራተትም፣ ይነክሳል። ለሹሩባ ጫፍ ሌላ አማራጭ ከሌለ ተጠቀሙበት፤ ሲፈታ ግን አትጎትቱት። ላስቲኩን ብቻ በትንሽ መቀስ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ዋጋው ከፀጉራችሁ አይበልጥም።

ጨርቅ የለበሰው ላስቲክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጫፍና ጫፉ በትንሽ ብረት ተይዟል፤ ብረቱና ጨርቁ በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ፀጉር ይገባና ሲወጣ ይበጠሳል። ሌላው በሙጫ ወይም በስፌት የተያያዘ ነው። በየሱቁ በካርቶን ላይ ተደርድረው የሚሸጡትን ስትገዙ አንዱን በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱት፤ የሚቆረቁር ነገር ካገኛችሁ ሙሉውን ካርቶን ተዉት። ስፋቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ቀጭኑ ያንኑ ኃይል በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ ፀጉሩን ያጥፈዋል።

ስክራንቺ፣ ማለትም የተሸበሸበ ሰፊ ጨርቅ የለበሰው ላስቲክ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት ተመዝግቧል። የተሸበሸበው ጨርቅ ላስቲኩን ስለሚሸፍንና ጫናውን ስለሚያሰራጭ ለዘወትር አገልግሎት ከእሱ የሚሻል አላየንም። ልዩነቱ ጨርቁ ላይ ነው። ጥጥ ይሻክራል፣ የፀጉሩን ዘይትም ይመጥጣል። ከፈይ አጥብቆ ይይዛል፣ ለሚያንሸራትት ፀጉር ይመቻል። ሳቲን ከሁሉም ያነሰ ይፈትጋል። ሳቲን ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ፖሊስተር ነው፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ በቂ ነው። እውነተኛ ሐር ውድ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ መታጠብም ይፈልጋል። የስክራንቺ ድክመት ሉጫ ወይም በካውያ የተተኮሰ ፀጉር ላይ ተንሸራትቶ መውረዱ ነው። ያኔ ብዙዎች ሦስተኛ ጊዜ ይጠመዝዙታል፤ በዚህም ስክራንቺ የተገዛበት ጥቅም ይጠፋል። ሁለት ዙር ላይ አቁሙ፤ አንድ ጣት ከሥሩ የማይገባ ከሆነ ጠብቋል።

የስልክ ገመድ የሚመስለው ጥምዝምዝ ላስቲክ ማስታወቂያው ከሚለው ያነሰ ነው። ለቀጭንና ለሉጫ ፀጉር ጥሩ ነው፣ ምልክትም አይተውም። ጥቅልል ፀጉር ላይ ግን ክሮቹ በጥምዝምዙ መሃል ይገቡና ይተበተባሉ። ካላችሁ ዙሩን አንድ በአንድ እየፈታችሁ አውጡት። ሲለጠጥ አትጣሉት፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይሰበሰባል።

ፀጉሩን ጠቅልሎ ወደ ላይ ለማንሳት መቆንጠጫ (ጥርሳሙ ክሊፕ) ከላስቲክ ይበልጣል፤ ፀጉሩን አንድ ቦታ ላይ አያንቀውም። ርካሹ ፕላስቲክ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ጥርሶቹ ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። ያ መስመር ምላጭ ባይሆንም ፀጉር ይፍቃል። ጥፍራችሁን በጥርሱ ርዝመት ጎትቱት፤ ካነቀፈው አትግዙት። ናይለን ስቶኪንግ ላይ ማሻሸት ደግሞ ከጥፍር የበለጠ ያጋልጣል፤ ክር የሚመዝ መቆንጠጫ ፀጉርም ይመዛል። ከአሲቴት (ከተክል ጭረት ከሚሠራ ፕላስቲክ) የተሠራውና በእጅ የተወለወለው ይህ ችግር ብዙም የለበትም። ሞላጭነቱን ያያችሁትን ክሊፕ ገልብጣችሁ ስፕሪንጉንም እዩት፤ ክፍት ከሆነ ፀጉር ይጠቀልላል። ለወፍራምና ረጅም ፀጉር ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ አይበቃም፤ ትንሹ እየተገፋ ስለሚከፈት ስፕሪንጉ ቶሎ ይደክማል። መኪና ውስጥና መኝታ ላይ አውልቁት፤ ጠንካራ ነገር ከራስ ጀርባ ሆኖ ቢገጭ ይጎዳል።

ሁለት እግር ያለው ሹካ መሰል ፒን ከሁሉም የዋህ ነው፣ ፀጉሩን ሳይጨምቅ ይዞ ይቆማል። ችግሩ መልመድ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ከመልመዱ በፊት ይተወዋል። ተራው ጥቁር ፒን ጫፉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ጠብታ ከወደቀ ወዲያው ይጣል፣ ብረቱ ራስ ቆዳና ፀጉር ይቧጥጣል። ሞገዳማው ጎን ወደ ራስ ቆዳ ይሁን። በጥርስ መክፈትም የፒኑን ሽፋን ያነሳዋል።

ሻሽ፣ ነጠላ ወይም ሂጃብ አዘውትራችሁ የምትለብሱ ከሆነ ማስያዣው ላይ ያዳናችሁትን ጨርቁ ግንባር ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ከሥሩ የሳቲን ውስጥ ኮፍያ ይኑር፤ ፀጉሩም ዝቅ ብሎ ይታሰር። ሹሩባ ከተሠራ በኋላ ክምሩን ወደ ላይ ማሰር ክብደቱን ሁሉ የግንባሩ ሥር ላይ ይጥለዋል። ራስ ከታመመ ወይም ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ከወጣ በዚያው ቀን ይላላ፤ በግንባርና በጆሮ አካባቢ የሳሳው ፀጉር መጀመሪያ ላይ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ጠባሳ ስለሚሆን አይመለስም።

እርጥብ ፀጉር ላይ ከእነዚህ ማናቸውም የዋህ አይደሉም። ውኃ ያሳበጠው ፀጉር ይለጠጣል፣ ከዚያ ይበጠሳል። እስኪደርቅ ተለቆ ቢቆይ ይመረጣል፣ ካልሆነ በመቆንጠጫ በስሱ ይነሳ።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሰፊ የሳቲን ስክራንቺ፤ ሁለት ከሆነ ደግሞ ትልቅ የአሲቴት መቆንጠጫ ጨምሩበት፣ የምታስሩበትንም ከፍታ በየጊዜው ቀይሩ። ቅቤ ለምትቀቡ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቅባት የተፈጥሮ ጎማን ያላላል፣ ያበሰብሳልም። የቅቤ ቀን በለስላሳ ጨርቅ ማሰር ይሻላል። ስክራንቺው ቅቤ ከነካው ግን በዚያው ቀን በለብታ ውኃና በሻምፑ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ።