አመክሮ ይሻላል ወይስ ይቅርታ?

15 ዓመት የተፈረደበት ገዳይ በ10 ዓመቱ ወጣ ሲባል እኛ ሰሜን ሸዋ ወዲያው ጉቦ ነው ይባላል፣ ግን አመክሮ ሊሆን ይችላል፣ የ1996ቱ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት የታሰረ፣ ጠባዩ የተስተካከለና አቅሙ የፈቀደውን የካሰ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል ይላል። ይቅርታ ግን የመንግሥት ውሳኔ ነው፣ መቼ እንደሚሰጥ ከፍርዱ ቀን ማወቅ አይቻልም፤ ሆኖም እንደ ዘር ማጥፋትና ማሰቃየት ያሉ ወንጀሎች በይቅርታ እንዳይታለፉ ሕገ መንግሥቱ ከልክሏል።

ለኔ አመክሮ ይሻላል። መንዝ ያለች የሟች እናት ቢያንስ መቼ ሊወጣ እንደሚችል ከፍርዱ ቀን ጀምራ ታሰላለች፣ በይቅርታ ከሆነ ግን ገበያ መሀል ድንገት ልታገኘው ትችላለች፣ የሟች ወንድምም ደም ልመልስ ብሎ ሊነሳ ይችላል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ሰውየው ሳይፈታ በፊት ሽማግሌ ተልኮ ዕርቁ ማለቅ አለበት።